ከገበታው ማን ይነሣ?

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ባልራቀ ወቅት፣ ሰሊጥ በሚበቅልበት የቆላ አገር ጓዴ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ ስመኝ ትባላለች። አራት ልጆች ነበሯቸው፤ አጣናው፣ ገብያውና ዘርፌ ተከታትለው ተወልደው ካደጉ በኋላ፣ ማንም ሳይጠብቃት እናትነሽ መጣች። ታሪኩ የእሷ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጅቷ ትሞታለች። ትድን ይሆን እያላችሁ ልባችሁን አታንጠልጥሉ። እኔ ከእናንተ የምፈልገው ፍርድ ነው፤ ፍርድ ደግሞ ልብን አንጠልጥሎ አይሰጥም።

እናትነሽ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ውሃ ይጠማት ጀመር። በዚያ አገር መጠማት ማንንም አያስገርምም፤ ፀሐዩ ድንጋይ ያሰነጥቃል። ስለዚህ ልብ ያላት ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ቀሚሷ ከትከሻዋ እየተንሸራተተ አስቸገራት፤ «ቁመት እየሳበች ነው፣ ለዚያ ነው የከሳችው» ተባለ። ከዚያ ሽንቷ የፈሰሰበትን መሬት ጉንዳን ሲወረው እናቷ አየችና ደነገጠች፤ ለማን እንደምትናገር ግን አላወቀችም። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከማሳው ዳር ተዘርራ ተገኘች። ትንፋሿ ይቻኮላል፤ አፏ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያም በጭነት መኪና ወደ ከተማ ሆስፒታል አደረሷት።

እዚያ ነፍሷ ተመለሰች። ከአልጋዋ ቀና ብላ አጥሚት መጠጣት ስትጀምር፣ ሲስተር ነጻነት የምትባል ነርስ ቤተሰቡን በሙሉ ሰበሰበች። በሽታው ስኳር ነው አለቻቸው። ሰዎቹ ስኳር የሚባል በሽታ እንዳለ ሰምተዋል፤ የሀብታምና የወፍራም ሰው በሽታ ይመስላቸው ነበር እንጂ የልጅ መሆኑን አያውቁም። ሲስተር ነጻነት ሲያፈጡባት አየችና የእናትነሽን የአንገት ዶቃ ፈታ በእጇ ያዘችው።

«ከጨጓራ ጀርባ ቆሽት የሚባል አለ» አለች። «እሱ ውስጥ እንደ ዶቃ ሰኪ የሚሠሩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ከምንበላው ምግብ የተገኙ፣ አሚኖ አሲድ የሚባሉ ፍሬዎችን በተራ በተራ እየሰኩ አንድ ረጅም ክር ይሠራሉ። ክሩ እንደወጣ ገና ጥሬ ነው። መጀመሪያ ክሩን ወደ ቦታው የመራችው የጫፉ ቁራጭ ትቆረጣለች።» የዶቃውን ጫፍ በጣቷ ሸፈነችው። «ከዚያ እንዲህ ይታጠፍና ይቋጠራል። ከተቋጠረ በኋላ መካከሉ ተቆርጦ ይወጣል። እርስ በርስ የተያያዙ ሁለት አጫጭር ክሮች ይቀራሉ። ኢንሱሊን ማለት ይኸው ነው።»

«ከዚያስ ምን ይሠራል?» አለ አጣናው።

«በጥቃቅን ከረጢት ሆኖ ይጠብቃል። ስንበላ ስኳር ደማችን ውስጥ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ከረጢቱ ይፈታና ኢንሱሊኑ በደም ይሄዳል። መልእክተኛ ነው። በሕዋሳቱ ደጃፍ ላይ የእሱን ቅርጽ የሚያውቅ ተቀባይ አለ። ደጃፉን ይነካል እንጂ ቤት አይገባም። ውስጥ ያሉት መልእክቱን እየተቀባበሉ ለስኳሩ በር ይከፍቱለታል። የእናትነሽ ዶቃ ሰኪዎች ሞተዋል። ስኳሩ በደሟ ሞልቶ ደጅ ይቆማል፤ ቤት ውስጥ ያሉት ግን በረሃብ ያልቃሉ።»

«ማን ገደላቸው?» አለ ጓዴ።

«የራሷ ሰውነት ጠባቂዎች። በሽታ እንዲከላከሉ የተቀመጡት፣ ጠላት መስለዋቸው ጨረሷቸው።»

«የገዛ ጠባቂዎቿ?»

«አዎ አባቴ። በክፋት አይደለም፤ ስተው ነው።»

ጓዴ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ነገር ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ ተለይቶ አልዋጥለት አለ። እናንተም ያዙልኝ።

ስመኝ ደግሞ የእናት ጥያቄ ጠየቀች፤ መድኃኒቱ በመርፌ ከሚሆን በአፏ ብትጠጣው ምናለበት? ሲስተር ነጻነት ጨጓራ መድኃኒቱን ከሥጋ እንደማይለየው፣ ዶቃውን አንድ በአንድ ፈትቶ እንደሚበላው ነገረቻት። ስለዚህ ጠዋትና ማታ መርፌ ነው፣ ያውም ዕድሜ ልኳን። መድኃኒቱን ከሙቀት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ሙቀት ቅርጹን ያበላሸዋል፣ ቅርጹ የጠፋን መልእክተኛ ደግሞ ደጃፉ አያውቀውም። ልኩን ማንም በራሱ እንዳይለውጥ፣ ከመለወጥ በፊት እሷን እንዲጠይቅ አስጠነቀቀች። ስለ በረዶ ግን አልተናገረችም። ለዚህ አትፍረዱባት። በዚያ ሰፈር ማቀዝቀዣ የለ፣ ውርጭ የለ፤ ብርድ መድኃኒት ያበላሻል ብሎ ለቆላ ሰው መምከር ለማንም ትዝ አይልም።

በመጨረሻ ከረሜላ አውጥታ የእናትነሽ ኪስ ውስጥ ከተተች። «ይህ ከኪሷ አይለይ» አለች። «መድኃኒቱ ከበዛባት ወይም ምግብ ከዘገየባት፣ ስኳሩ ከደሟ ተሟጥጦ ያልቃል። ላብ ያጠምቃታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰካራም ትቀባጥራለች። ያን ጊዜ ቶሎ ጣፋጭ ወደ አፏ። የሚያድናት እሱ ብቻ ነው።»

ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሦስቱ ልጆች ማንም ሳያዛቸው ሥራውን ተከፋፈሉት።

አጣናው እግሩ ብርቱ ነበር። መድኃኒቱን ከከተማ የማምጣቱን ነገር እሱ ያዘው። በየወሩ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዋናው መንገድ ላይ መኪና ለምኖ ይሄድ ነበር። ሲመለስ ጠርሙሶቹን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ይይዛቸዋል፤ ብብት ሙቀት እንዳለው ዘርፌ ብትነግረው ሳቀና ከዚያ ወዲያ በቅል ውስጥ ያደርጋቸው ጀመር።

ገብያው እጁ ሥራ ያውቃል። ማስቀመጡ የእሱ ሆነ። ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጦ፣ መካከሉን በወንዝ አሸዋ ሞልቶ፣ አሸዋውን ጠዋትና ቀትር ውሃ ያጠጣዋል። ማሰሮዋን ጥላ ሥር አኖራት። ሰው ሲጠጋት ይቆጣል። «ከሚስትህ አብልጠህ ጠበቅሃት» እያሉ ጓደኞቹ ያሾፉበት ነበር፤ ሚስትም አልነበረውም።

ዘርፌ ዓይኗ ንቁ ነው። መርፌውን እሷ ወሰደች። መድኃኒቱን በመርፌው መስመር ልክ ትቀዳለች፣ የምትወጋበትን ቦታ ትቀያይራለች። መለኪያ መሣሪያ ቤታቸው ስለሌለ ልጅቷን ራሷን ታነባታለች፤ ስንት ጊዜ ውሃ ጠጣች፣ ጉንዳኑ መጣ ወይስ አልመጣም። እናትነሽ መጀመሪያ ታለቅስ ነበር። በኋላ ግን «እታለም፣ ዛሬ በግራ በኩል ነው ተራው» እያለች ራሷ ታስታውሳታለች።

ጓዴም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እሱም በበኩሉ ልጁን ሊጠብቅ ተነሣ። ቤት እንደገቡ ስኳሩን ከነጣሳው ለጎረቤት ሰጠ። ማሩን ለቤተ ክርስቲያን ላከ። ከዚያም እናትነሽን ጠርቶ ከኪሷ ከረሜላውን አወጣና ወደ ወንዙ ወረወረው። «በሽታዋ ስኳር ነው እያላችሁ ጠላቷን በኪሷ ይዛ ትዙር?» አለ። ዘርፌ ሲስተር ያለችውን ልታስታውሰው ሞከረች። «ሲስተር ልጅ የላትም» አላትና ነገሩ በዚያ ተዘጋ። ስመኝ ከምድጃው አጠገብ ሆና አየች፤ አልተናገረችም። ከአባት ጋር ስለ ልጅ መጨቃጨቅ በዚያ ቤት ልማድ አልነበረም።

እንዲህ ሆነው ደህና ወራት አለፉ። እናትነሽ ወፈረች፤ ዶቃዋን መልሳ አንገቷ ላይ አሰረች፤ ትምህርት ቤት ተመለሰች። እዚህ ላይ ባቆምላችሁ ደስ ባለኝ።

ክረምት ገባ። ወንዙ ሞላ። ቆላ ክረምት ቢሆንም ዝናቡ ባባራ ቁጥር እንደ ምድጃ ነው። አጣናው ከተማ ሄዶ መድኃኒቱን ከያዘ በኋላ መንገዱ በጭቃ ተዘጋና ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ ማደሩ የማይቀር ሆነ። መድኃኒቱ እንዳይበላሽበት ተጨነቀ። አንድ ዓሣ ነጋዴ ሣጥን ሙሉ ጨው የተነሰነሰበት በረዶ ይዞ አየና ሮጦ ለመነው። ነጋዴውም እህቱ ስኳር እንዳለባት ሲነግረው አዘነለትና በትንሽ ሣጥን በረዶ በነጻ ሰጠው። አጣናው ጠርሙሶቹን በረዶው መካከል ቀበራቸው፤ ሣጥኑን በፕላስቲክ ጠቀለለው፤ ወንዙን ሲሻገር ውሃው አንገቱ ደርሶ ሊወስደው ሲል እንኳ ሣጥኑን ከራሱ በላይ ይዞ አልለቀቀውም። ያን ቀን ከሞት ነው የተመለሰው።

ቤት ሲደርስ እየተንቀጠቀጠ ሣጥኑን ለገብያው ሰጠው። «ሙቀት የሚባል አልነካውም» አለው። በሕይወቱ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

ገብያው ሣጥኑን ከፈተ። መድኃኒቱ እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበር። ገብያው ድንጋይ የሆነ መድኃኒት አይቶ አያውቅም። ማሰሮው ውስጥ አስቀመጠው፤ ቀልጦ እንደ ድሮው ነጣ ያለ ውሃ ሆነ። ነገር ግን ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንደ ብናኝ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ተጣብቀው ቀሩ። በመዳፎቹ መካከል አንከባለለው። ብናኙ የጠፋ መሰለው። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ወንድሙን ዞር ብሎ አየው። አጣናው እሳት ዳር ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እናትነሽ እግሩን እያሸችለት ይስቃል። ገብያው አፉን ዘጋ። ያ ሁሉ ድካም በከንቱ ነው ብሎ ለወንድሙ እንዴት ይንገረው? ደግሞስ የተበላሸ መሆኑን በምን ያውቃል?

ዘርፌ በአዲሱ ጠርሙስ እንደ ቀድሞው ልክ ወጋቻት። እናትነሽ ይጠማት ጀመር። ጉንዳኑ ተመለሰ። ዘርፌ ነፍሷ ተጨነቀች። ወንዙ ሞልቷል፤ ስልክ በዚያ ሰሞን ከየትም አይሠራም። ሲስተርን መጠየቅ አልተቻለም። ስለዚህ ልኩን ጥቂት ከፍ አደረገች። ጉንዳኑ ቀጠለ። ደግማ ከፍ አደረገች፤ ደግማም። በመጨረሻ ጉንዳኑ ጠፋ፣ ልጅቷ ቀና አለች። ዘርፌ ልጅቷ እያደገች ነው፣ ያደገ ሰው ብዙ ይፈልጋል ብላ ለራሷ አስረዳች። የሚያስኬድ ሐሳብ ነበር፤ እኔም ብሆን የማስበው ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ቅርጹ የተበላሸው መድኃኒት አብዛኛው ደጃፉን አይነካም ነበርና ብዙ ተሰጥቶ ጥቂቱ ብቻ ይሠራል። ዘርፌ በዚያ ክረምት ልጅቷን በሕይወት አቆየቻት። ይህንንም አትርሱ።

ክረምቱ ወጣ። ወንዙ ጎደለ። አጣናው ሊሄድ ሲል ዘርፌ ልኩን መጨመሯን ለሲስተር እንዲነግርላት አስባ ነበር። «አንቺ ማን ሆነሽ ነው የጨመርሽው ብትለኝስ» ብላ ፈራች፤ ሌላ ጊዜ ከተማ ስሄድ ራሴ እነግራታለሁ አለችና ተወችው። አጣናው በዚህ ጊዜ በረዶ የያዘ ነጋዴ ስላላገኘ እያዘነ መድኃኒቱን እንደ ድሮው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በቅል አመጣው። ደህና መድኃኒት ነበር። ገብያው አሮጌውን ጠርሙስ ጉድጓድ ውስጥ ጣለና አዲሱን ማሰሮ ውስጥ አስገባ። ልቡ ቀለለው። የዚያኛው ነገር አለፈ፣ ከእንግዲህ ማንንም ማስቀየም አያስፈልግም አለ።

በማግስቱ ጠዋት ዘርፌ የለመደችውን ያህል ቀዳች። «እታለም፣ ዛሬ በቀኝ ነው» አለቻት እናትነሽ። ወጋቻት።

የሰሊጥ አጨዳ ደርሶ ነበርና ሁሉም ማሳ ወረዱ። እናትነሽ ነዶ ስትሰበስብ ላብ ያጠምቃታል። ማሳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ላብ አጥምቆታል። እጇ ሲንቀጠቀጥ ስመኝ «ደክሟት ነው፣ ጥላ ሥር ትቀመጥ» አለች። ከግራሩ ሥር ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ የማይያያዝ ነገር ማውራት ጀመረች፤ ስለ ዓሣ፣ ስለ ትምህርት ቤት ደወል። ገብያው ሳቀ። «ይቺ ልጅ ሳትጠጣ ሰክራለች» አለ። ቃሉን ዘርፌ ከሩቅ ሰማች። ማጭዷን ጥላ ሮጠች።

«ከረሜላ! ኪሷን እዩት!»

ኪሷ ውስጥ ጥቂት የሰሊጥ ፍሬ ነበር። ሌላ ምንም የለም።

አጣናው ወደ ቤት ሮጠ። ቤት ውስጥ ስኳር የለም፤ ማር የለም። የጎረቤት በር ተዘግቷል፤ ሰዉ ሁሉ ማሳ ነው። ከወንዙ ማዶ ካለች አሮጊት ቤት ማር አግኝቶ ሲመለስ እናትነሽ በእናቷ ጭን ላይ ነበረች። ዘርፌ ማሩን በጣቷ ከከንፈሯ ውስጥ ቀባች። ደጋግማ ቀባች። ስመኝ እጇን ያዘቻትና «ተያት ልጄ፣ ተያት» አለቻት።

በሣልስቱ ሲስተር ነጻነት ለቅሶ ደረሰች። እሷም አለቀሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች፤ እነሱም ምንም ሳይደብቁ መለሱላት። አጣናው ስለ በረዶው፣ ገብያው ስለ ብናኙ፣ ዘርፌ ስለ ጨመረችው ልክ ነገሯት። ሲስተር ስትሰማ ፊቷ እየጠቆረ ሄደ። «በረዶው ገድሎት ነበር» አለች። «ደህናው ሲመጣ ግን የተወጋችው ለሞተው መድኃኒት በተጨመረው ልክ ነው፤ በዛባት።» ዘመዶቹን ተሰናብታ ሄደች።

ጓዴ ሁሉንም ሰማ። ለቀስተኛው ሲበተን ሦስቱን ልጆቹን ፊቱ አቆማቸው።

«ከእናንተ አንዱ ልጄን ገድሏል» አለ። «ከገደላት ሰው ጋር ከአንድ ገበታ አልቆርስም። በአርባዋ ቀን፣ ያ ሰው ከገበታዬ ይነሣ፤ ከቤቴም ይውጣ። ማን እንደሆነ እኔ አልለይም። እናንተው ታውቃላችሁ፣ እናንተው ለዩ።»

ሰው ከጥፋት ሲሸሽ አይታችኋል። ሰው ጥፋት ሲሻማ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሦስቱ በዚያ ሰሞን የሠሩት ይህንን ነው። አውድማው ላይ ሰሊጡን እያራገፉ፣ አባታቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተከራከሩ።

አጣናው፣ «እኔ ነኝ የምወጣው» አለ። «ደህናውን መድኃኒት በድን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እኔ በረዶ ባላመጣ ገብያው የሚደብቀው፣ ዘርፌም የምትጨምረው ባልኖረ ነበር። ነገሩ ከእኔ ጀመረ።» ዘርፌ ግን አልተቀበለችውም። አጣናው ሊያድናት ሲል ራሱ ሊሞት ነበር፤ ማንም ያልነገረውን ነገር እንዴት ይወቀው?

ገብያው፣ «እናንተ አላወቃችሁም፤ እኔ ግን አይቻለሁ» አለ። «ብናኙን በዓይኔ አየሁት። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ዘርፌ አዲሱ ሲመጣ ወደ ድሮው ልክ ትመልሰው ነበር። አላወቅሁም የሚል ሰው ይቅር ይባላል። አይቶ ዝም ያለ ግን ምን ይላል?» አጣናው ወንድሙን አቀፈው። «ዝም ያልከው ለእኔ ብለህ ነው። ለወንድም ማዘን ከመቼ ወዲህ ነው መግደል የሆነው?»

ዘርፌ የያዘችውን ነዶ አስቀመጠች። «መርፌውን የያዘችው እጅ የማን ናት?» አለች። «ሳትጠይቁ አትለውጡ ተብዬ ለወጥኩ። ለመጠየቅ መንገድ ሲከፈት ደግሞ ቁጣ ፈርቼ ተውኩት። ከእሷ ሞት ቁጣ በለጠብኝ።» ገብያው ያን ሁሉ ክረምት ልጅቷን ያቆየቻት እጅም ያቺው እጅ መሆኗን አስታወሳት። ዘርፌ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

ሦስቱም አልተረቱም፤ ማንም ሌላውን ሊያሳምን አልቻለም። አርባው ደረሰ።

ጸሎቱ አለቀ፣ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ቤቱ ለባለቤቶቹ ቀረ። ስመኝ ገበታውን አቀረበች። የእናትነሽን ትንሽ በርጩማ ማንም አላነሣውም ነበርና ከቦታው አለ። የልጅቷ ዶቃ በእናቷ አንገት ላይ ነው። ሁሉም ተቀመጡ። እጃቸውን ታጠቡ። ጓዴ እንጀራውን ከመቁረሱ በፊት ቀና አለ።

«ማን ነው?»

ሦስቱ እኩል ተነሡ።

ጓዴ ተቆጣ። «አንድ ነው ያልኩት! ትቀልዱብኛላችሁ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ አጣናው። «እኔ ነኝ» አለ ገብያው። ዘርፌ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ዘረጋች።

ያኔ ስመኝ ተናገረች። ከቀብሩ ወዲህ ከእሷ አፍ ከጸሎትና ከልቅሶ ሌላ የሰማ አልነበረም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አንተ የአጣናው አባት» አለችው። «ከረሜላውን ከኪሷ ያወጣው ማን ነበር?»

ጓዴ እጁን ከገበታው መለሰ።

«ጠላቷ መስሎኝ ነው» አለ። «ልጠብቃት ብዬ ነው።»

«እነሱስ?»

ጓዴ ምናልባት ያን ጊዜ በሆስፒታል የሰማውን አስታውሶ ይሆናል፤ ጠላት መስለዋቸው የጨረሷቸውን የገዛ ጠባቂዎቿን። በጉልበቱ ተደግፎ ቀስ ብሎ ተነሣ። አሁን አራቱም ቆመዋል። ወደ በሩ የሄደ የለም፤ መልሶ የተቀመጠም የለም። አጣናው እናቱን አየ፤ ገብያው መሬት መሬት ያያል፤ ዘርፌ ታለቅሳለች። ጓዴ የቤቱ ጌታ ነው፤ ራሱ በፈረደው ፍርድ ከራሱ ቤት ይውጣ ወይስ ፍርዱን ይሻር፣ አላወቀም።

ስመኝ ከገበታው አጠገብ ብቻዋን ቀረች። አንዴ የቆሙትን፣ አንዴ በርጩማውን አየች።

«አራታችሁም ከወጣችሁ» አለች፣ «እኔ ከማን ጋር ልብላ?»

የቀረበው ወጥ ቀዘቀዘ። እኔ የማውቀው እስከዚህ ድረስ ነው። ታሪኩ እዚህ ላይ ቆሟል፤ እነሱም እዚያው እንደቆሙ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ይህን ስነግረው ወዲያው አንዱን ይጠራልኛል፤ እንዲህ ያለው ሰው ልጅ ታሞበት እንደማያውቅ እጠረጥራለሁ። አንዳንዱም ሁሉንም ይቅር ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ኪሷ ውስጥ የነበሩት የሰሊጥ ፍሬዎች ግን ይቅር ያሉ አይመስለኝም። እናንተ ተከራከሩ። ስትከራከሩ ግን ስመኝ እዚህ ከመካከላችሁ ተቀምጣ፣ ዶቃውን አንገቷ ላይ አድርጋ እንደምትሰማችሁ ሆናችሁ ተናገሩ። በረዶውን ካመጣው፣ አይቶ ዝም ካለው፣ ሳትጠይቅ ከጨመረችውና ከረሜላውን ከጣለው፣ ከዚያ ገበታ መነሣት የሚገባው ማን ነው?